ቀይ ካርዱና የአባትህ ትንፋሽ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከአባትህ አልጋ ጎን

ሆዴ፣ እንዴት ነህልኝ?

አትደንግጥ፤ አባትህ የሐሞት ጠጠሩን ኦፕራሲዮን ተደርጎ አሁን ደህና ነው። ቀድሜ ያልነገርኩህ «ያ ልጅ እንዳይሰማ» ብሎ አስምሎኝ ነው። ያን ቀን የኳስ ዳኛ ሆኖ በሰው ሁሉ ፊት ቀይ ካርድ ካሳየህ ወዲህ፣ አንተም አትደውልለት፣ እሱም ስምህን አይጠራ። ሁለታችሁም ግትሮች ናችሁ።

ያስጨነቀን ቢላዋው አልነበረም። ከማደንዘዣው ሲነቃ እኔና አክስትህ እንደ አራስ ያዝነው። ቁስሉ እንዳይፈታ ብለን በጀርባው አጋድመን፣ ሊያስል ሲል «ዋጠው፣ ዋጠው» እያልን፣ ጠያቂውን በሹክሹክታ እያናገርን ዋልን። በማግስቱ ከንፈሩ ጠቆረ። ጣቱ ላይ የሰኩለት መሣሪያ ኦክስጅኑ መውረዱን ሲያሳይ ሮጬ ነርስ ጠራሁ።

ነርሷ መጥታ አየችንና «እማማ፣ በፍቅር ልታፍኗቸው ነው እንዴ?» አለች። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ሙሉ ማደንዘዣ የመተንፈሻ ጡንቻን ያዝላል። ሰው በጀርባው ሲተኛ የሳንባው ታችኛው ክፍል ይጨመቅና ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይከደናሉ። በዚያ በኩል የሚያልፈው ደም ኦክስጅን ሳያገኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚከፍታቸው ተነስቶ መቀመጥ፣ ማሳልና በረጅሙ መተንፈስ ነው። እኛ ደግሞ ይህንኑ ነበር የከለከልነው።

ኦክስጅን አድርጋለት ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። ትራስ ሆዱ ላይ አሳቅፋ «ይሳሉ» ስትለው እንቢ አለ፤ ያመዋላ። ዳኛ እንደነበር ስነግራት «ታዲያ ፊሽካ ሊነፉ ሲሉ አየር የሚስቡት እንዴት ነበር?» አለችው። ይኼኔ ደረቱን ነፋ። ታውቀው የለ፣ ስለ ዳኝነቱ ከጠየቁት እንቢ ማለት አይችልም። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ እየሳበ፣ እያሳለ፣ ዛሬ ጠዋት ኦክስጅኑ ተነቀለለት። ክንዴን ይዞ ኮሪደሩንም ዞረ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እሱ አያውቀውም። ከማደንዘዣው ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ «ልጄን ጥሩልኝ፣ ካርዱን አንስቼለታለሁ» የሚል ነበር። አክስትህ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።

እባክህ ደውልለት። ጥፋት አልነበረም ብለህ ተከራከረው። መቆጣቱ አይቀርም፤ ሲቆጣ ደግሞ በረጅሙ ስቦ ነው የሚጀምረው። ነርሷን ጠይቄያታለሁ፣ ይጠቅመዋል ብላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ትራሱ ስር አኑሮታል፤ የማንን ጥሪ እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩትም።

ከክፉ ይሰውርህ፣ እስትንፋስህን ያርዝምልኝ።

እናትህ