የቀጥቃጭ ልጅ ጉርሻ

ሰኞ፣ መጋቢት 7

አልቀመሰችም። ውሃውን እንኳ አልነካችውም። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ የልጄ የሄለን እጮኛ እናት፣ ወይዘሮ የሺ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ መጣች። ሽሮው፣ ስልጆው፣ ጎመኑ፣ ሁሉም የጾም። እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ የሠራሁት። እጇን ታጥባ ተቀመጠች። «አባትዎ የየት አገር ሰው ነበሩ? ሥራቸውስ?» አለችኝ፣ ጨዋታ አስመስላ። ምን የሚያስደብቅ ነገር አለ? «የመንዝ ሰው ናቸው፣ ቀጥቃጭ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚያርሰው በእሳቸው ማረሻ ነበር» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ወደ ትሪው የዘረጋችው እጅ መንገድ ላይ ቀረ። «ውይ፣ ለካ ጠግቤ ነው የመጣሁት!» አለች። ልጇ ናቲ የጎረሰውን በጉንጩ እንደያዘ እናቱን እናቱን ያያል። አያላምጥ፣ አይውጥ። ጎልማሳ ሰው እኮ ነው!

ቡዳ ነሽ አላለችኝም። ማለት መች ያስፈልጋታል። የቀጥቃጭ ዘር ዓይኑ ያረፈበት ምግብ ሆድ ይቆርጣል፣ ሲመሽ ጅብ ሆነው ይወጣሉ፣ ይኼን ሁሉ ይዛ ውቅያኖስ ተሻግራለች። ሻንጣዋ ለዚህ ቦታ አላጣም።

የተረፈውን ዛሬ ሥራ ይዤ ሄድኩ። በምሠራበት የብሉሚንግተን ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አብሮኝ አንሶላ የሚያጥፍ ራጋቫን የሚባል ሕንዳዊ አለ፣ ኬረላ ከሚባል አገር የመጣ። ሰሞኑን ሥጋ ትቷል። የኛን የጾም ምግብ ሲያይ ዓይኑ በራ፣ ጥርግ አድርጎ በላው። ለምን እንደሚጾም ብጠይቀው «ቅዳሜ አምላክ እሆናለሁ» አለኝ፣ ልክ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለብኝ እንደሚል ሰው። አማተብኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

የጋብቻው ሽማግሌ ጋሽ ተፈራ ደወሉ። «ሙሉዬ፣ እንደምን ከረምሽ» ብለው ስለ በረዶው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ መኪናቸው ባትሪ አወሩኝ። ገና «እንግዲህ» ሲሉ ልቤ ወረደ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ የተባለው ትንሽ ይቆይ ተባለ። ናቲ ሥራ በዝቶበታል። ድንቄም ሥራ! ባለፈው ሳምንት ከሄለን ጋር አልጋና ሶፋ ሲመርጥ የዋለው ማን ነበር?

«ጋሽ ተፈራ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ወደ ባትሪው ሊመለሱ ሲሉ ያዝኳቸው። «አጥንት ተቆጥሮ ነው?» አልኳቸው። «ኧረ ተይ፣ በዚህ ዘመን!» አሉኝና ሌላ ስልክ መጣብኝ ብለው ዘጉት።

ለሄለን ምን ልበላት? እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ልጅ ናት። ስለ አያቷ ስነግራት «ዌልደር ነበር ማለት ነው? ኩል!» ነበር ያለችው በእንግሊዝኛዋ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ማድረቂያው ተበላሽቶ ሥራ ቆመ፣ ስለዚህ ወሬ። ራጋቫን ነገሩን አስረዳኝ። ጭፈራ ነው፣ ግን ለዘፈን የሚጨፈር አይደለም። ይጾማል፣ ፊቱን ይቀባል፣ አክሊል ይደፋል። አክሊሉን ደፍቶ መስተዋት ካየ በኋላ ራጋቫን የሚባል ሰው የለም፤ ሙታፓን የሚባለው አምላካቸው ነው ያለው። ሰው ተሰልፎ ችግሩን ይነግረዋል፣ እሱም እጃቸውን ይዞ ይመልሳል። ይኼ ሙታፓን ደግሞ በትልቅ ቤት ያደገ፣ ከጫካ ድሆች ጋር አብሮ እየበላ ቤተሰቡን ያዋረደ ነው ይላሉ። ወደድኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የራጋቫን ወገኖች በዘር ልብስ አጣቢዎች ናቸው። አምላክ የመሆኑን ሥራ የሚወርሱትም እነሱው። ልጅ ሆኖ ያየውን ነገረኝ። አባቱ አክሊሉን ሲደፉ የመንደሩ ባለርስት እግራቸው ላይ ይወድቃል። በማግስቱ ያው ባለርስት ለአባቱ ሩዝ የሚሰጣቸው ከሩቅ ነው፤ ቅጠል መሬት ላይ ይነጠፋል፣ እዚያ ላይ ይጣልላቸዋል።

«እናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት። «እኛን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አምላክ አያደርጉንም።»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ አንጀት የሚያርስ ዓይነት አልነበረም። የየሺን ነገር አወራሁለት። ምሳውን ስንበላ ጉርሻ አስተማርኩት፣ አንዱ ያጣላል ሁለተኛው ያፋቅራል ብዬ ሁለት አጎረስኩት። ቅዳሜ ነይ፣ ልጅሽንም አምጫት አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ናቲ ቴክስት ላከ። «እናቴ ጊዜ ያስፈልጋታል።» ይኸው ነው። ከእሑድ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶ የመጣው ይኼ ብቻ ነው።

ሄለን ስልኩን ይዛ ኩሽና መጣች። «ማሚ፣ ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ። እኔን! ሰሃኑን ወረወርኩት ማለት ይቻላል። ከዚያ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፣ ቡዳውንም ጅቡንም ዓይኑንም። መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። «ጅብ? እንስሳው ጅብ?» ብላ ሳቀች። እንዳልሳቅኩ ስታይ አቆመች።

«ናቲስ ያምናል?» አለችኝ።

ያምናል አላልኳትም፣ አያምንም አላልኳትም። የጎረሰውን በጉንጩ ይዞ የተቀመጠው ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው። መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ውሃውን ከፈተችው፣ ለቅሶዋ እንዳይሰማኝ። ተሰማኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አለመሄድ ነበረብኝ። የሺ የሴት ልጇን ሕፃን አቅፋ ቆማለች፣ ቁርጥ ናቲን የመሰለ ጉንጫም ልጅ። እንደ ሰው ጠጋ ብዬ «ይደግልሽ፣ እንዴት አድጓል» አልኩ። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው። ልጁን ከዓይኔ ደበቀችው!

አፈር ልሁን። አቡነ ዘበሰማያት እየተባለ እኔ ዕንባዬን ውጬ ቆምኩ። ሌሎች ሴቶች አይተዋል። አንዷ ጫማዋን ማየት ጀመረች። አብረን ዕድር የምንከፍል፣ ሰው ሲሞት አብረን የምናለቅስ ሴቶች ነን እኮ።

ቤት ስደርስ ለሄለን አልነገርኳትም። ይብቃት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ከየት ልጀምር።

ሄለን አልሄድም አልሄድም ብላ መኪናውን ሳስነሳ ጃኬቷን ይዛ ገባች። ወደ ሜፕልዉድ ድራይቭ አደረግሁ። ቤቱ የአንድ ዶክተር ነው፣ የኬረላ ሰዎች ማኅበር ሊቀመንበር። ጭፈራው ልጁ ከሕመም እንዲድንለት የተሳለው ስለት ነው። ስለት ሲሉኝ ገባኝ፣ እኛም እንሳላለን። አዳራሽ እንዳይከራዩ እሳት ማብራት ክልክል ነው፣ ስለዚህ በጋራዡ ሆነ። መኪኖቹን አስወጥተው፣ የበረዶ መጥረጊያ ማሽኑን ጥግ ላይ በአንሶላ ሸፍነውታል። በሩ ክፍት፣ ውጭ ያ የቆሸሸ የመጋቢት በረዶ።

ስንደርስ ተጀምሯል። ከበሮው ደረት ይደበድባል። ራጋቫን ቀይ ለብሶ፣ ፊቱ ተቀብቶ፣ አክሊል ደፍቶ ይዞራል። አምላኩን ረሳሁት። እኔ የታየኝ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ ላቡ ቀለሙን አልፎ የሚወርድ። በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ሰዉ ተሰለፈ፣ እኔም ተሰለፍኩ። ሌላው ኮኮናትና አበባ ይዟል። እኔ በፕላስቲክ ዕቃ የሽሮ ፍትፍት። አገልግሎቱን ሲጨርስ ቢራበው ብዬ ነበር ያመጣሁት፣ ግን ያን ላብ አይቼ አላስቻለኝም። ተራዬ ሲደርስ ጠቅለል አደረግሁና ወደ አፉ!

ከበሮው ቀጥ አለ። ዶክተሩ እጄን አፈፍ አደረገ። «ምን ማድረግሽ ነው? እንዲህ አይቀረብም!» ሄለን «ማሚ!» ብላ ጮኸች። ለአምላክ ጉርሻ! እኔን ብሎ እንግዳ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያ የተቀባ ፊት ቀና ብሎ ዶክተሩን አየው። አንድ ነገር ተናገረ፣ አጭር ነው። ዶክተሩ እጄን ለቀቀ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

ጎረሰ። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ጋራዥ ሙሉ ሰው እያየ። ደግሞ ከፈተ። ሁለተኛውን አጎረስኩት። ሁለት እጆቼን ያዘና በቋንቋው ተናገረ፣ ድምፁ የራጋቫን ድምፅ አይደለም። ሚስቱ ሹባ ከጎኔ ቆማ ተረጎመችልኝ፦ «ከዚህች ሴት እጅ የማይበላ ከእኔም እጅ አይበላም ይላል።»

ረቡዕ ያወራሁለትን ራጋቫን አስታውሶ ነው ወይስ ሌላ ነው፣ አላውቅም። አምላኬ አይደለም። ግን አለቀስኩ፣ ሳልሸሽግ፣ ንፍጤ እስኪወርድ። ሄለን መጥታ አቀፈችኝ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ።

ሰልፉ ሲያልቅ ሹባ ሰሃን ይዛ መጣች። ለአምላኩ ቀርቦ ለሰው የሚታደል ነው፣ የተቀቀለ ማሾ በኮኮናት፣ ከሻይ ጋር። ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። ለሌላ አምላክ የቀረበ እንዴት አድርጌ ልብላ? ክርስቲያን ነኝ። «ጠግቤ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የሹባ ፊት እንዴት እንደሆነ አልጽፈውም። ባሏን አጣቢ ነው ብዬ የተጸየፍኩት መስሏታል። «ንቄ አይደለም፣ እመቤቴን! ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» አልኳት። «ግድ የለም፣ ሁሉም ሰው ምክንያት አለው» አለችኝ፣ በትሕትና። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የሺም እኮ ምክንያት አላት።

ሄለን ሰሃኑን ተቀብላ በላችው፣ ሙልጭ አድርጋ። አልከለከልኳትም። እኔ ግን አልበላሁም። እስካሁንም መብላት ነበረብኝ ማለት አልችልም፤ አለመብላቴም አያኮራኝም።

አክሊሉ ሲወርድ ሰዉ ለምሳ ወደ ዶክተሩ ሳሎን ወጣ። ራጋቫን ፊቱን በባልዲ ውሃ ታጥቦ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበር ላይ በወረቀት ሰሃን ሲበላ ተውነው። ና ወደ ላይ ያለው የለም። ጠዋት እግሩን የሳሙት ናቸው። «አይበርድህም?» አልኩት። «ሰኞ እንገናኝ፣ ማድረቂያው ተሠርቶ ይሆናል» አለኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ቅዳሴ አስቀደስኩ፣ ከኋላ ቆሜ። የነፍስ አባቴ ዘንድ መሄድ አለብኝ፣ ግን የቱን ኃጢአት እንደምነግራቸው ገና አልለየሁም።

ቤት እንደገባን ጋሽ ተፈራ ደወሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ድንች እየላጥኩ ነበር። ድምፃቸው የምሥራች አለው። መፍትሔ ተገኝቷል፣ ያመጣችውም የሺ ራሷ ናት። «ወሬው ገና ከቤተሰብ አልወጣም ሙሉዬ። አባቴ ገበሬ ነበሩ፣ ብረት የሚሠራው ጎረቤታችን ነው፣ ተሳስታችሁ ሰማችሁኝ በያቸው። አንዲት ቃል ናት። ሠርጉ በተባለው ቀን ይሆናል።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አባቴ ዓይኔ ላይ መጡ ብል ውሸት ነው። የመጣብኝ ሐሙስ ዕለት የተከፈተው የመታጠቢያ ቤት ውሃ ነው። የሞተ አይሰማም፣ አልኩ በልቤ። ልጄ ትዳሯን ትያዝ እንጂ እኔ ምን ገዶኝ። ትናንት ጋራዥ ሙሉ ሰው ፊት የተከበርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ «እሺ ጋሽ ተፈራ፣ ገበሬ...» ብዬ ጀምሬያለሁ።

ሄለን ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳችው። «አማርኛዋ እንደምታውቁት ነው» የምለው ለማን ነው፣ ይኼን የማነበው እኔ ብቻ። አንቱ ማለት አትችልም። «ጋሽ ተፈራ፣ ስማኝ» አለች። «አያቴ ቀጥቃጭ ነው። ገበሬ አይደለም። ለናቲ እናት እንደዚህ ብለህ ንገራት። ናቲ ደግሞ አፍ አለው፣ ራሱ ያውራ።» እሳቸው «ልጄ፣ ልጄ፣ ቆይ» ሲሉ ዘጋችው።

በሬ ላይ እንደሚጮህ ሰው ጮኽኩባት። ትዳርሽን በአፍሽ አፈረስሽው፣ አልኳት። «አንቺ ምን ልትዪ ነበር?» አለችኝ። ድንቹን ልጬ ጨረስኩ፣ እሷም ሽንኩርት ከተፈች።

አሁን ከሰዓት ነው። የናቲ መኪና ከመጣ ቆየ። ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተሩ እንደበራ ቆሟል፣ በመስኮት ይታየኛል። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ደግሞ ወደ እኛ ፎቅ ቀና ይላል። ወርጄ ልጥራው ብላት «ተይው፣ እግር አለው» አለችኝ። ፊቷን ታጥባለች። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች፣ በሩን እያየች።

እስካሁን አልወረደም።