የባየህ ጠማማ ፈሰስ

ወረታ፤ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምቀልድብሽም ለምሳሳልሽም የልጄ ልጅ ሰገን፤ ናይሮቢ

ስሚ፣ ላልሰማም አሰሚ! ለሰባ ዓመታት በታማኝነት ቆሎ ሲፈጭ የኖረው የፊት ጥርሴ ባለፈው ማክሰኞ ከሥራው ተሰናብቷል። ቀብሩም ዶሮዎች በተገኙበት በጓሮ ተፈጽሟል። እናትሽ አምሳል ግን እንባ እንኳ አላወጣችም፤ "እንግዲህ ወሬም ይቀንሱ ይሆናል" ነው ያለችኝ። ጥርስ መቼ ያወራል?

እዚህ ክረምቱ ጠንክሯል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር መስሏል። ደህና ነን፤ አሳሳቢዋ አንቺ ነሽ።

ያለፈው ሳምንት እሑድ ስትደውይ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። "አባባ፣ አቃተኝ" አልሽኝ። ለገበሬ በሚገባ ቋንቋም አስረዳሽኝ፦ ፕሮግራም ሲታመም ሆዱን የሚመረምር ዲባገር የሚሉት ሌላ ፕሮግራም አለ። ባለሙያው "ይህ ቁጥር እዚህ ላይ ስንት ደረሰ? ከዚያኛው ጋር ሲደመርስ?" ብሎ ይጽፍለታል። ጥያቄውን አንብቦ የሚፈታው ክፍል ፓርሰር ይባላል፤ አንቺም አሮጌውን አፍርሰሽ እንደ አዲስ ጽፈሻል። "እንዲያማ ከሆነ የሐኪም አስተርጓሚ ነሽ" ብልሽ አልሳቅሽም። ያኔ ደነገጥኩ።

አዲሱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው አልሽኝ፤ ግን አሮጌው በደንብ ይመልሳቸው ከነበሩት ጥያቄዎች አርባ አንዱን ይስታል። አንዱን ስታቃኚ ሌላው ይጎብጣል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልተስተካከለ አሮጌው ይመለሳል፣ አንቺም ትሰናበቻለሽ ብሎሻል አለቃሽ። አሮጌውን የጻፈው ሰውዬ ደግሞ ካንቺ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጧል።

"ታዲያ ለምን አትጠይቂውም?"

"አባባ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሥራውን ቆሻሻ ብዬበታለሁ። በምን ዓይኔ?"

ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኛል፤ በጥርሴ እንዳይመስልሽ። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግልሽ? እግሬን ሲያመኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ እዘፈዘፋለሁ፤ ያንቺው ሕመም የት ይዘፈዘፋል? ጣራ ገዳም ወጥቼ ለአባ ይሄይስ ነገርኳቸው። "በጸሎት ማን ብዬ ልጥራው?" አሉኝ። "ፓርሰር" አልኳቸው። "ክርስትና ተነሥቷል?" ብለው ሳቁብኝ። ያንቺን ክርስትና ስም፣ ወለተ ሚካኤልን፣ ግን ይዘዋል። ከዚህ በላይ አቅም አጣሁ።

የቀረኝ ወሬ ነውና ልንገርሽ። ሩዝ ለሜዳችን ገና አዲስ ሳለ፣ ጎረቤቴ ባየህ የቆፈረው የውሃ ፈሰስ በማሳዬ ያልፍ ነበር። አሥር ቦታ ይጠማዘዛል። እኔ ጎበዙ በሰንበቴው ፊት "ባየህ ሰክሮ የቆፈረው" ብዬ አሳቅሁበት፤ በዶማም ቀጥ አደረግሁት። ሲያምር ብታዪ! ነሐሴ ላይ ጎርፉ መጣና በዚያው በቀጥታው ገብቶ የችግኙን እኩሌታ ጠርጎ ሄደ። ለካ አንዱ ጠማማ ውሃውን ያዘገይ ነበር፣ አንዱ ደለሉን ያስቀር ነበር፤ የሌሎቹን ምክንያት የሚያውቀው ባየህ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ቤቱ ሄድኩ። "ባየህ፣ አጥፍቻለሁ፤ ና አሳየኝ" አልኩት።

"ሰካራሙን ፈለግኸው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ አካፋውን አንሥቶ ተከተለኝ፤ "ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ" እያለ ጠማማውን ሁሉ አስቆፈረኝ። የቀረው ሩዝ ተረፈ።

አንቺም ሂጂና ሰውየውን ጠይቂው፣ ልጄ።

የምታፍሪበት ደጅ በደግ ፊት ይከፈትልሽ። እጅሽ የሠራው ይቁም፣ የፈረሰውም ያስተምርሽ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ።

አያትሽ
አንለይ ወልደ ሥላሴ

ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ ወረቀቱን ማጠፍ አቃተኝ። ጥርሱም ጎርፉም እውነት ነው፣ ልጄ። ባየህ ቤት መሄዴ ግን ፈጠራ ነው። አልሄድኩም፤ አፈርኩ። ሦስት ቀን ብቻዬን ውሃ ውስጥ ቆሜ ስቆፍር የቀረውም ሩዝ ሄደ። ባየህ ሦስቱንም ቀን ከድንበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አካፋውን ይዞ፣ እስክጠራው ሲጠብቅ።