አባ አንሣው ከግድግዳው አልወረደም

ለደምሌ፣ ለዓለሜ፤

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም ይኸው ሊገባ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፣ ድመቷ ወንበርህን ወርሳለች፣ መጽሔቶችህንም አይጥ እንዳይቀምሳቸው በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፌባቸዋለሁ። ለቅሶው የራሱ ቀን አለው፣ ዛሬ አላነሣውም። ዛሬ የምጽፍልህ አሸንፈን ነው፤ ያላንተ መደሰት ስላልሆነልኝ ነው።

አንተ መቼም ጉደኛ ነበርክ። ሌላው መምህር ከደሴ ወደ ሰቆጣ ተመድቦ ሲመጣ ፍራሽና ድስት ይጭናል፤ አንተ ግን በሲባጎ የታሰረ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሔት ታቅፈህ ከአውቶቡስ ወረድክ። ሰው እንደ አሞራ የሚበርበት፣ በአንድ እጁ መኪና የሚያነሣበት፣ ከዓይኑ እሳት የሚወጣበት መጽሔት። ሽማግሌ ስትልክ አባቴ «ለመሆኑ ምን አለው?» ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቹም «መጻሕፍት አለው» አሉ። ምን ዓይነት መጻሕፍት እንደሆኑ ግን ትንፍሽ አላሉም። እኔም ያወቅሁት ከሠርጉ በኋላ ነው።

ይበልጥ የገረመኝ ሽፋኑ ላይ ደረቱን ነፍቶ የሚታየውን፣ ካባውን እያውለበለበ የሚበረውን ጭምብላም አለመውደድህ ነበር። ያንተ ሰው የሚገኘው ከኋላ ነው። መላጣ፣ ቦርጫም፣ አረንጓዴ ኮት ለባሽ፣ በዕድሜው ሰው መትቶ የማያውቅ። ኃይሉ መሸከም ብቻ ነው። ታላላቆቹ ተደባድበው ከተማውን ካፈራረሱ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ጥግ፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሥዕል ውስጥ ብቅ ይላል፤ የወደቀውን ግድግዳ በጫንቃው ቀና አድርጎ ከሥሩ ሰዎች ያወጣል። ከዚያ መጽሔቱ ያልቃል። ስንቱን አገላብጠህ እንዲህ ያለች አንዲት ሥዕል ስታገኝ፣ እጄ በሳሙና እንደተለወሰ ጎትተህ ታሳየኝ ነበር። እነዚያ ያፈረሱትን ማን ያነሣዋል፣ እሱ እኮ ነው፣ ትለኝ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሰውየውን የወደድኩት አንተን ደስ ስላለህ ብቻ ነው።

የሁላችንም የሆነው ግን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ከሥራ ልትወስደኝ ስትመጣ፣ በሽተኛ በቃሬዛ አምጥተው በር ላይ ከሚጠብቁት ገበሬዎች መሃል ትቀመጥና መጽሔትህን ትዘረጋለህ። አንተ በአማርኛ ታወራለህ፤ እኔ በሽተኞቼን መርፌ ወግቼ ስጨርስ፣ አማርኛው ላልዘለቃቸው በኽምጣኛ እነግራቸዋለሁ። ጭምብላሙን ስታሳያቸው የሆነውን መቼም አትረሳውም። በእኛ አገር ፊቱን የሸፈነ ሰው ሽፍታ ነው። ከሰሃላ የመጡት አያ ወልዱ ሥዕሉን ደጋግመው አዩና፣ ይህ ሰው የሚሸሸው ምን ሰርቆ ነው ብለው ጠየቁህ። ዋናው ጀግና እሱ ነው ብትላቸው አልዋጥላቸው አለ፤ ጀግናማ ፊቱን አሳይቶ ይፎክራል እንጂ አይከናነብም አሉ። በሳቅ ከበርጩማህ ልትወድቅ ነበር። ከዚያ ቦርጫሙን ገልጠህ አሳየሃቸው። የሰሃላን ገደላ ገደል ሰው ተሸክመው ወጥተው ወርደው ጫንቃቸው የተላጠ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት፣ የሳቀ አልነበረም። ጀግና ያለ ፈረስ ስም አይሆንምና፣ ፈረስ ባይኖረውም እዚያው «አባ አንሣው» አሉት።

ትንሽ ቆይቶ ከሰሃላ የአያ ወልዱን ባለቤት የያዘ ቃሬዛ ሲመጣ፣ ተሸካሚዎቹ ሲቀባበሉ «አባ አንሣው! አባ አንሣው!» እየተባባሉ ነበር። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ ስትፈነጥዝ አላየሁህም፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ወዲያው ከትምህርት ቤቱ በሮች የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ለምነህ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ሣልከው፤ ከሰው ቁመት አስበልጠህ፣ ቦርጩን ሳታሳንስ። ብዙ ሳትቆይ ታመምክ። አስከሬንህን ሰሃሎች ለማንም አናቀብልም ብለው እስከ መቃብሩ ተሸከሙት። ያን ሰሞን ከቤት ያወጣኝ ግድግዳው ብቻ ነበር፤ እሱን አይቼ ስመለስ ቀኑ ይገፋልኝ ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ርዕሰ መምህር መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም እንዳንተው የሥዕል መጽሔት ወዳድ ነው፣ ብትገናኙ ሳታውቁት ይመሽባችሁ ነበር። ችግሩ የእሱ ሰው ጭምብላሙ መሆኑ ነው። ልጆቹ ከቪዲዮ ቤት የሚያውቁት እሱን ነው፣ ይህን መላጣ ማን ያውቀዋል፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባና ታዋቂው ይሣልበት አለ። ይህን ስሰማ ሁለተኛ ልቀብርህ የተቃረብኩ መሰለኝ። ጉዳዩ ለወላጆች ስብሰባ ይቀርባል ስለተባለ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

ልናገር ስነሣ አያ ወልዱ ቀደሙኝ። ልጃቸው ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ስለምትማር እሳቸውም ወላጅ ሆነው መጥተው ነበር። «መምህሬ፣ እርስዎ የሚሉት ሰው ይበራል፤ ይብረር፣ ማን ከለከለው። እኔ ግን ባለቤቴን ታማ ስናመጣት ከላያችን ሲበር ያየሁት ሰው የለም። ጉልበታችን ሲከዳን የተጣራነው ይህን ነው። እሷም ይኸው ድና ዛሬ ገበያ ላይ ማር ትሸጣለች» አሉ። እጅ ይውጣ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ለጭምብላሙ እጁን አወጣና ዞር ብሎ ቢያይ ብቻውን ነው። ራሱም ስቆ አወረደው።

እንግዲያው ስሙ ከሥሩ ይጻፍ አለ። አያ ወልዱ ግን አልተቀመጡም። የአባት ስም የሌለው ስም ምኑ ስም ነው፣ የማን ልጅ ይባል አሉ። ርዕሰ መምህሩ መጽሔቱ አባቱን አይናገርም ብሎ መለሰ። ደምሌ፣ እኔና አንተ ልጅ እንዳልታደልን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አያ ወልዱ ወደ እኔ ዞሩና፣ «የደምሌ ነዋ! ወደ አገራችን ያመጣው እሱ፣ በቋንቋችን ያሳደገችው እሷ» አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

አሁን ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «አባ አንሣው ደምሌ» ይላል። ዝናብ ኮቱን ባደበዘዘው ቁጥር ቀለም ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፤ እጄ እስኪዝል ድረስ ይህን ለማንም አልሰጥም። ስምህን የማያውቅ ተማሪ በቤተ መጻሕፍቱ በር እንዳይገባም አደርጋለሁ፣ ቃሌ ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ አገኙኝና ከሩቅ «የአባ አንሣው እናት!» ብለው ተጣሩ። አቤት አልኳቸው።

ባለቤትህ ዝናሽ