በአዳራሽ የሚነበብ፦ ስለ ጋሽ ገረመው ዱባለ ዕረፍትና ስለ ድርጅታችን ጥፋት

ከምሥራቅ የቤቶች ተከላና ጥገና ድርጅት
ለድርጅቱ ሠራተኞች፣ ለደንበኞቻችንና ለሚመለከተው ሁሉ
ሚያዝያ 24 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ነባር ሠራተኛችን ገረመው ዱባለ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ መግቢያ ላይ የተሰማንን መሪር ሐዘን መግለጽ የተለመደ ነው። ሐዘኑ አለ። ከሐዘኑ የበረታብን ግን ኀፍረት ነው፤ እሱን ትተን ማዘናችንን ብቻ ብንናገር ማንም አያምነንም፣ እኛም ራሳችንን አናምንም።

በደብዳቤዎቻችን እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ «ጓድ»፣ ከዚያ ወዲህ «አቶ» እያልን ስንጽፍላቸው ኖረናል። የተለወጠበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንናገራለን። በሥራ ቦታ ግን ትልቁም ትንሹም ጋሽ ገረመው ይላቸው ስለነበር በዚህ መግለጫም የምንጠራቸው በዚሁ ስም ነው።

ጋሽ ገረመው በ1928 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ። በ1946 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ ጣሊያናዊ ወርክሾፕ የቆርቆሮና የሞተር ሥራ ተማሩ።

በ1958 ዓ.ም. ከኦሎምፒያ በስተጀርባ በሚገኝ ቪላ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ የአየር ማሽን ተከሉ። ማሽኑ ከኮርኒስ በላይ ይቀመጣል፤ የክፍሎቹን አየር ስቦ፣ በፊልትሮ አጥርቶ፣ እንደ ወቅቱ አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ በቆርቆሮ መተላለፊያ ወደየክፍሉ ይመልሳል። ጋሽ ገረመው የሞተሩን እግሮች በወፍራም ጎማ ላይ ስላስቀመጧቸው የቤቱ ሰዎች ማሽኑ መሥራቱን የሚያውቁት በየአየር መውጫው ላይ ያሰሩላቸው ክር ሲወዛወዝ ብቻ ነበር። ያ ማሽን ዛሬም ይሠራል።

በ1968 ዓ.ም. ድርጅታችን ሲቋቋም የተከላ ቡድን መሪ ሆነው ተመደቡ። በቦሌ፣ በወሎ ሰፈርና በሃያ ሁለት አካባቢ በኃላፊነት በተረከብናቸው ቪላዎች የሚገኙትን ማሽኖች በሙሉ ያውቋቸው ነበር። ከኮት ኪሳቸው ውሃ ልክ አይጠፋም። ፊልትሮ ባጠቡ ቁጥር ቀኑን በማሽኑ ጎን ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ሥራቸው ቀርፋፋ ነው የሚል ወቀሳ በየስብሰባው ይቀርብባቸው ነበር፤ ሠርተውት ተመልሶ የተበላሸ ቤት ግን በመዝገባችን ውስጥ ፈልገን አላገኘንም።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚመጡ እንግዶች በሚያርፉባቸው አሥራ አራት ቪላዎች ውስጥ አዳዲስ ማሽኖች በአርባ ቀን እንዲተከሉ ዕቅድ ወጣ። ጋሽ ገረመው ነሐሴ 3 ቀን ለቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ማሽኑ ሲያቀዘቅዝ ከአየሩ የሚወጣው ውሃ ከሥሩ ባለ ሳህን ተጠራቅሞ በቱቦ ወደ ውጭ መፍሰስ እንዳለበት፣ ቱቦው በቂ ዘቅዘቅታ ከሌለው ግን ውሃው ሞልቶ ኮርኒሱ ላይ እንደሚፈስ አስረዱ። ከአሥራ አራቱ በስድስት ቪላዎች ይህን አስተካክሎ ለመሥራት ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ጠየቁ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ተመትቶበታል። በግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በዕቅዱ መሠረት ይፈጸም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ተፈጸመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የክረምቱ እርጥበት ገና ሳይወጣ እንግዶቹ መስኮት ዘግተው ማቀዝቀዣውን ቀኑን ሙሉ ከፈቱት። በአራት ቪላዎች ኮርኒሱ በሰበሰ። በአምስተኛው፣ በወሎ ሰፈሩ ቤት፣ ለምሳ በተዘጋጀ ገበታ ላይ ተደረመሰ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ተጠያቂ ግን ተፈለገ።

ጥቅምት 9 ቀን 1977 ዓ.ም. መላው ሠራተኛ በአዳራሽ ተሰብስቦ ጋሽ ገረመው ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተደረገ። ያነበቡትን ወረቀት የጻፍነው እኛ ነን፤ በቢሯችን የጽሕፈት መኪና የተተየበ ነው። ካነበቡ ጥፋቱ «ቸልተኝነት»፣ ካላነበቡ ግን «አሻጥር» ተብሎ ለሚመለከተው አካል እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አራት ልጆች ነበሯቸው። አነበቡ።

አንብበው ሲጨርሱ የሚጨምሩት ካለ ተጠየቁ። «ፊልትሮዎቹ በየወሩ ይታጠቡ» ብለው ተቀመጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «ተጨማሪ አስተያየት የለም» የሚል ነው። ከዚያም ከቡድን መሪነታቸው ተነሥተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲዛወሩ፣ ማሽን እንዳይነኩና ከእንግዲህ «ጓድ» እንዳይባሉ የቀረበው ውሳኔ በ126 ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። አጨበጨብን።

ደብዳቤው ጠፍቶ ነበር ማለት ብንችል ይቀለን ነበር። አልጠፋም። ማኅተሙን የመቱት የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዘርፌ በዚያ አዳራሽ ነበሩ፤ እጃቸውንም አውጥተዋል። ቱቦውን ያለ ዘቅዘቅታ ሲዘረጉ ጋሽ ገረመው «እንዲህ አይሆንም» ሲሏቸው የሰሙ የቡድኑ አባላትም እጃቸውን አውጥተዋል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የእኛ ዝምታ ግን ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ስለተመቸን ቀጠልንበት።

ከ1977 እስከ 1982 ዓ.ም. ጋሽ ገረመው በግምጃ ቤት ረዳትነት ሠርተዋል። በመዝገባችን ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው። በመዝገብ ያልገባው እንዲህ ነው። ቴክኒሻኖቻችን ማሽን ሲያስቸግራቸው ዕቃ የሚወስዱ መስለው ወደ ግምጃ ቤቱ መስኮት እየሄዱ ድምፁን ይነግሯቸው ነበር። ያፏጫል ሲሏቸው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ልል ነው፣ አየሩ ደከመ ሲሏቸው ፊልትሮው ታፍኗል ብለው ይመልሱላቸዋል። ማንንም አላሳፈሩም። መፍትሔውን በየራሳችን ስም አስመዘገብን። ከቴክኒሻኖቹ አንዱ ጓድ ገመዳ በ1979 ዓ.ም. የአሥራ አራቱን ቪላዎች ቱቦ በማስተካከል የምስጉን ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ተሸልመዋል። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከዚያ መስኮት የተነገራቸው መሆኑን እንድንጽፍ ራሳቸው ጠይቀውናል። የምስክር ወረቀቱንም ለድርጅቱ መልሰዋል።

በቀብሩ ዕለት ድርጅቱ የአበባ ጉንጉንና ባለ ስድስት መስመር የሕይወት ታሪክ ልኮ ነበር። «በግምጃ ቤት ረዳትነት በቅንነት አገልግለዋል» ይላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡት። ከዚያ በአራት አጥፈው ለተወካያችን መለሱለት። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እሱ የእናንተን ወረቀት በአዳራሽ አንብቦላችኋል። የሱንም በአዳራሽ አንብቡለት» አሉ። የሕይወት ታሪክ ሳይነበብ ቀብሩ ተፈጸመ። ይህ መግለጫ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ በራሳችን ተነሣሽነት ያደረግነው አስመስለን ልንጠቀምበት አይገባም።

ከቀብሩ መልስ አሥራ አራቱም ቪላዎች እንዲታዩ ተደረገ። ከማሽኖቹ በአራቱ ጎን ላይ በጠመኔ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን መስከረም 30 ቀን 1977 ነው። ጽሑፉ የጋሽ ገረመው ነው። ፊልትሮዎቹ ሲወጡ በጣት የሚቆረስ አቧራ ነበረባቸው። አንዲት ቀላል አደራ ነበረች፤ እሷንም አልጠበቅንም።

የዚህ መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ ስለ ደብዳቤው ሲናገር «የሚመለከተው ኃላፊ ሳይቀበሉት ቀርተዋል» ይል ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ፋይሉን ይዘው ገብተው፣ የእሳቸው ስም እጃቸውን ካወጡት ጋር እንዲጻፍ፣ የቀዩ እስክሪብቶ ባለቤትም እንዲጠቀስ፣ ካልሆነ ግን ፋይሉን ይዘው እንደሚመለሱ ተናገሩ። ተገቢ ነው። «በዕቅዱ መሠረት ይፈጸም» ብሎ የጻፈው፣ ግለ ሂሱንም ያስተየበው፣ የዚያን ጊዜው የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ፣ ይህን መግለጫ የሚፈርመው ሰው ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የምንችለውን ግን እናደርጋለን። የጥቅምት 9 ቀን 1977ቱ ውሳኔ ተሽሯል። በቃለ ጉባኤው ላይ «ተጨማሪ አስተያየት የለም» የሚለው ተሰርዞ ጋሽ ገረመው የተናገሩት በራሳቸው ቃል ይገባል። የተግሣጽ ወረቀታቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሰባት ወር ተለጥፎ፣ እሳቸውም በየጠዋቱ በፊቱ እያለፉ ወደ ሥራቸው ይገቡ ነበር። ይህም መግለጫ በዚያው ቦታ ለሰባት ወር ይቆያል፤ ዝናብ ቢያበላሸው በሌላ ቅጂ ይተካል። ፊልትሮዎቹ ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ ይታጠባሉ። ቀኑም እንደ ጋሽ ገረመው ልማድ በጠመኔ ይጻፋል።

ለወይዘሮ አፀደ፣ ለአራቱ ልጆቻቸው፣ ለዘመዶቻቸውና ለዕድራቸው አባላት መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታም እንጠይቃለን፤ ለመጠየቅ የምንገደደው ግን እኛ ነን እንጂ ለመስጠት እናንተ አትገደዱም። በሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦቻቸው ማጽናኛ የምንለው ነገር የለንም።

ይህ መግለጫ ቅዳሜ ሚያዝያ 27 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በዚያው አዳራሽ ይነበባል። የሚነበበው ጋሽ ገረመው ቆመው ካነበቡበት ቦታ ነው፤ የሚያነበውም ከዚህ በታች የፈረመው ነው። በዚያን ዕለት እጃችንን ያወጣን፣ በሥራ ላይ ያለን ሁሉ እንድንገኝ ታዟል። ወይዘሮ አፀደ ይምጡ አይምጡ አልነገሩንም፤ ለመጠየቅም አልደፈርንም። ከፊት ረድፍ አምስት ወንበሮች ሳይያዙ ይቆያሉ።

ንባቡ ሲያልቅ ማንም እንዳያጨበጭብ። ያን ቀን አጨብጭበናል።

ዘርአጽዮን አያሌው
ዋና ሥራ አስኪያጅ
በነሐሴ 1976 ዓ.ም. የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ