የአንድ ሜትር ከሰባ ሰው

ልደታ፣ ጥር 23 ቀን 1973 ዓ.ም.

ከዓይኔ ለራቅኸው ልጄ፣

ስምህን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ወረቀቱ ከማን እጅ እንደሚወድቅ ስለማላውቅ ነው። እኛ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፣ አመሏ ግን እንዳለ ነው። በረሃ ከገባህ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነህ። ናፍቆትህ በሥራ ይረሳል ብዬ ነበር፤ አልተረሳም።

የሰዓት ሱቄን ዘግቼ የጦሩ መሣሪያ ጥገና መግባቴን ሰምተህ ይሆናል። ፈቅጄ አይደለም፤ «ጥቃቅን ነገር የሚፈታ እጅ እንፈልጋለን» አሉኝ፣ ሄድኩ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ነገር መጣልን፤ ከሩቅ ለመተኮስ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም መነጽር። ላንተ መንገሩ ያሳፍራል። ግን ሠላሳ ዓመት ሰዓት ሲፈታ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። መስታወቱ እንከን የለውም፤ መዘውሩን ስታዞረው እንደ ጥሩ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።

የአስተርዮ ማርያም ዕለት ልሞክረው ብዬ በመስኮት ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አዞርኩት። ከደጀ ሰላሙ እናትህን አገኘኋት። በአረማመዷ ነው የለየኋት። ጉልበቷን ይዛ ሰገደች፣ ለመነሳት ብዙ ቆየች። ልጠራት ምንም አልቀረኝ። ለካ ያቀርባል እንጂ አያገናኝም። አንተንም እንዲህ ባየሁህ ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ምኞቴ አስደነገጠኝ። መነጽሩ ወዴት እንደሚላክ አውቃለሁና።

አስተማሪያችን ሩሲያዊ ነው። በአስተርጓሚ እንዳስረዳን፣ መነጽሩ ውስጥ ርቀት የሚለካ መስመር አለ። የሰውየውን እግር ከታችኛው መስመር ላይ ታሳርፋለህ፤ አናቱ የነካው ቁጥር ርቀቱን ይነግርሃል። ታዲያ መስመሩ የተሠራው ሰው ሁሉ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ነው ተብሎ ነው። ለሙከራ አጭሩን ዘበኛችንን ቦጂያን አራት መቶ ሜትር ላይ አቆምነው፤ መነጽሩ አራት መቶ ሠላሳ አለ። በቦታው ረጅሙን የሥራ ባልደረባዬን ፍሰሐን ተካነው፤ ሦስት መቶ ስልሳ አለ።

ቦጂያ «በቁመቴ ስታሾፉብኝ ኖራችሁ፤ ይኸው ጥይትም ሳተኝ» አለና ሁሉም ሳቀ። አስተማሪው ግን እውነቱን ነው አለ። ተኳሹ የሚያነጣጥረው በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ ርቀቱ ሲበዛ ጥይቱ አጭሩን ከአናቱ በላይ ያልፈዋል፣ ለረጅሙ ከእግሩ ሥር ይወድቃል። የማይስተው ልከኛውን ነው።

እኔ አልሳቅሁም። ሜትሩን በኪሴ ይዤ ቤት ገባሁ። በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ፣ ንፍሮው ሳይቀመስ፣ ቁመትህን በቢላ የምጭርበት የበር መቃን አለ አይደል? የመጨረሻዋን ጭረት፣ የስልሳ ዘጠኙን፣ ሦስት ጊዜ ለካኋት። አንድ ሜትር ከሰባ። ጣት አልጨመረችም፣ ጣት አልጎደለችም።

እናትህ ከኋላዬ መጥታ «ምን ትለካለህ?» አለችኝ።

«መቃኑ በስብሷል፣ ልቀይረው ነው።»

«እንዳትነካው። ልጄ በዚህ በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ያኔ ትቀይረዋለህ።»

እሷ ማደግህን አትጠራጠርም። ወንድሞቿም የረዘሙት ከአሥራ ሰባት ዓመታቸው በኋላ ነው ትላለች። እኔም ይህንኑ ይዤ አድራለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። መነጽሮቹን ማበላሸት እችል ነበር፤ አንዲት ብሎን ማላላት ይበቃ ነበር። አላደረግሁትም። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ከፍርሃቱ ይልቅ እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ሥራ አበላሽቶ አያውቅም። አሥራ ሁለቱንም ወልውዬ አስረከብኩ።

ይህን የሚያደርስልህ ጨው ነጋዴው ሁመድ ነው። መልስ መጻፍ የሚያሰጋህ ከሆነ አትጻፍ። ክር ውሰድና ከተረከዝህ እስከ አናትህ ለክተህ ቁረጠው፤ ጠቅልለህ ለሁመድ ስጠው። ሌላ ቃል አልፈልግም። ቀጥ ብለህ ቁም ታዲያ፣ መጉበጥ ድሮም ልማድህ ነው።

ዕድሜዬን ሁሉ በልክ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስህተት እንደማልወድ ታውቃለህ። ክሩን አንድ ጣት አስረዝመህ ብትቆርጠው ግን አልቆጣህም።

ልደታ በጥላዋ ትሰውርህ። ከመቃኑ ጭረት በላይ ታሳድግህ።

አባትህ፣ ሰዓት ሠሪው