ለአባቴ ገዳይ ላገኘለት ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አለማየሁ
የሰፈራችን የመታሰቢያ ሐውልትና የታሪክ መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የተከበሩት የኮሚቴው አባላትም በያላችሁበት ጤናችሁ የተሟላ፣ ቤታችሁም የሞላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ደግሞ የዘንድሮው የአዳማ ነፋስና አቧራ ዓይናችሁን እንዳይጎዳው እጸልያለሁ፤ ሰነድ ለሚመረምር ሰው ዓይን ትልቅ ነገር ነውና። እኔ ከደም ግፊቴና ከእናንተ ረቂቅ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ያላወቀኝ አንባቢ ቢኖር ፍሬሕይወት ኪሩ እባላለሁ። ከአርሲ ነገሌና ከሁሩታ ስንዴና ገብስ እያመጣሁ አዳማ ላይ በጅምላ የምሸጥ የእህል ነጋዴ ነኝ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ በጥይት የተገደለው የሾፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር የአቶ ኪሩ ብቸኛ ልጅም ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴን ማን እንደገደለው፣ ማንስ እንዳስገደለው እስካለፈው ወር ድረስ አይታወቅም ነበር። የዘመኑ ሹማምንት «ስውር ጠላቶች ገደሉት» አሉ፤ ስውር የተባሉት ደግሞ ሹማምንቱ ራሳቸው ናቸው ያስገደሉት አሉ፤ ሰፈሩም እንደ ወቅቱ አየር አንዴ ይህንን፣ አንዴ ያንን ሲል አርባ ስምንት ዓመት ኖረ። እናንተ ግን በሁለት ወር ውስጥ፣ ያውም በትርፍ ጊዜያችሁ፣ ነገሩን ደረሳችሁበት። ለዚህ ፍጥነታችሁ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ፤ ስለዚህም ደብዳቤው ትንሽ ቢረዝም ይቅርታ ይደረግልኝ።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፋችሁት የሐውልቱ ጽሑፍ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ኪሩ፣ የሾፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር፤ በጎረቤታቸው በሾፌር መሐመድዘይን አቀናባሪነት በግፍ ተገደሉ።» አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል ከግርጌው። ጋሽ መሐመድዘይን ዛሬ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ ከእኔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ከተለጠፈ ጀምሮ ሱቃቸው አልተከፈተም። ባለቤታቸው እትዬ ዙለይካ እንደነገሩኝ ለሶላት እንኳ መስጊድ መሄድ ትተው ቤት ውስጥ እየሰገዱ ነው። እንግዲህ የኔ አስተያየት ይህ ደብዳቤ ነው፤ በአደባባይ ያደረግሁትም እናንተ በአደባባይ ስለጀመራችሁት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጠቡ። መጽሐፋችሁ ጋሽ መሐመድዘይን ከግድያው አንድ ሳምንት በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከአባቴ ጋር ኃይለኛ ክርክር መግጠማቸውን በሰፊው ይተርካል። እውነት ነው። ያልጻፋችሁት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም፣ ከዚያም በፊት በነበረው መጣላታቸውን ነው። አባቴ ከማንም ሰው ጋር ሳይከራከር የዋለበት ቀን ቢኖር ታሞ የተኛበት ቀን ነው። ከእሱ ጋር የተጨቃጨቀ ሁሉ ተጠርጣሪ ከሆነ ዝርዝሩ ከእናቴ እንዲጀምር በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሦስቱ ምስክሮች። በገጽ 41 ግርጌ ላይ «እርስ በርስ የማይገናኙ ሦስት ምንጮች» የጋሽ መሐመድዘይንን አቀናባሪነት እንዳረጋገጡ ይነበባል፤ እነሱም የ1984ቱ መጽሔት፣ የ1992ቱ የሬዲዮ ትረካና የ2005ቱ የአቶ ጉቱ የትዝታ መጽሐፍ ናቸው። ሦስቱንም ፈልጌ አገኘኋቸው። መጽሔቱ ወሬውን ያገኘው ስሙን ካልጠቀሰው አንድ ሰው ነው፤ በሬዲዮው የሚናገሩት አቶ ጉቱ ናቸው፤ መጽሐፉ ያው የአቶ ጉቱ ነው። ቤታቸው ሄጄ መጽሔቱን ያናገረውስ ማን ነበር ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከኔ ሌላ ማን ያወራል ብለሽ ነው? እኔኮ አየሁ አላልኩም፣ ሲያወሩ ሰማሁ ነው ያልኩት፤ ሰማሁ የምትለዋን ጋዜጠኛው አስቀራት፣ በኋላ እኔም ረሳኋት» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቅን ሰው ዘንድ ከኮሚቴው አንድም ሰው አለመሄዱ አሳዝኖኛል፤ ሻያቸውም ጥሩ ነው።

ታሪኩ ራሱ ከዓመት ዓመት የሚያድግ ነው። በመጽሔቱ ላይ ገዳዮቹ የመጡት በነጭ መኪና ነው፤ በሬዲዮው መኪናው ሰማያዊ ሆነ፤ በመጽሐፉ ደግሞ በጋሪ መጡ። አራተኛ ምንጭ ብታገኙ ኖሮ በእግራቸው ይመጡ ነበር ብዬ እገምታለሁ። በዚያው መጽሐፍ በገጽ 12 አቶ ጉቱ ከመስከረም እስከ ፋሲካ 1970 ዓ.ም. ሁሩታ ላይ የእህል መጋዘን ሲጠብቁ እንደቆዩ በኩራት ጽፈዋል። ከሁሩታ ሆኖ የኛን በር ማየት የሚቻል ከሆነ እኔም በየሳምንቱ ለመኪና ከማወጣ እዚሁ ቁጭ ብዬ ገብሱን ማየት እችል ነበር።

የታሪክ ተማሪ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ሚዛን ግን ሥራዬ ነው። በኛ ገበያ አንድን ጆንያ ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ አውጥተው ሦስት ጆንያ ብለው የሚያስጽፉ ሰዎች አሉ። ስም አላቸው፤ ስማቸው ግን ተመራማሪ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስለ እምነት ቃሉ። ከድሮ ፋይል ያገኛችሁት የጋራዥ ሠራተኛው የኢስሃቅ ቃል ሽጉጡን ጋሽ መሐመድዘይን በጭነት መኪናቸው ከሻሸመኔ አመጡት ይላል። እናንተ የጠቀሳችሁት የመጀመሪያውን ገጽ ነው። ፋይሉን ለማየት ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ኢስሃቅ ወደ ሁሩታ መውጫ ላይ ያለውን ድልድይ በፈንጂ አፍርሶ ወንዝ እንደጨመረውም ያምናል። ባለፈው ማክሰኞ አርባ ኩንታል ገብስ ጭኜ በዚያ ድልድይ ላይ አልፌያለሁ፤ ድልድዩ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እንደቆመ ነው፣ ስለራሱ መፍረስ የሰማ አይመስልም። ኢስሃቅ ከዚያ እስር ሲወጣ ሁለቱንም እግሩን ይጎትት ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያየው ነበር። ለምን እንዳመነ ለማወቅ ሰነድ አያስፈልግም። በዚህ ላይ መቀለድ ስለማልችል አልፈዋለሁ።

አራተኛ፣ ስለ እድሩ መዝገብ። ይህ የእርስዎ የግል ግኝት መሆኑን ኮሚቴው ለሰፈሩ በጠራው ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ «የገዛ እድሩ ሳይቀር መሰከረበት» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። በአባቴ ቀብር ዕለት በተደረገው ስም ጥሪ ከመሐመድዘይን ስም ጎን «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ወንጀለኛ ካልሆነ ከጎረቤቱ ቀብር ለምን ይቀራል ነው ነገሩ። የወረቀቱን ፎቶ ኮፒም በመጽሐፋችሁ ውስጥ ጥርት አድርጋችሁ አትማችሁታል። ቁልጭ ያለ ኮፒ ነው።

እኔም የእድራችን ጸሐፊ ወደሆነችው ወደ ሑስና ሄጄ መዝገቡን እንድታሳየኝ ለመንኳት። እህል ስገዛ ጆንያውን በሾለ ብረት ወግቼ ከመሃሉ ያለውን ሳላይ ዋጋ አልቆርጥም፤ ከላይ የተነሰነሰውንማ ሻጩ ራሱ አሳምሮ ነው የሚያስቀምጠው። ሑስና መዝገቡን ዘረጋችልኝ፣ ገጹን አየሁት፣ ከዚያ ገለበጥኩት። ከጀርባው «መቃብር የቆፈሩ» ይላል፤ ስድስት ስም አለ፤ የመጀመሪያው መሐመድዘይን ነው። በፊተኛው ገጽ «ቀሪ» የተባሉትም እነዚሁ ስድስቱ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። እድር ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ስም የሚጠራው ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ቆፋሪ ድንኳን ውስጥ ስለማይገኝ ስሙ ለብቻው ይመዘገባል። እርስዎም የእድር አባል ነዎት፤ ከአንድም ሁለት እንዳለዎት ሰምቻለሁ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። በጥይት የተገደለን ሰው መቃብር መቆፈር ራስን ለሚቀጥለው ጥይት ማስመዝገብ በነበረበት ጊዜ፣ ጋሽ መሐመድዘይን ገና ጎህ ሲቀድ አካፋቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገቡ፤ አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ወደ ጁምዓ ሄዱ፤ ድንኳኑ ውስጥ ስም ሲጠራም መስጊድ ነበሩ። ይህን ከመዝገብ አይደለም የማውቀው። በዘጠኝ ዓመቴ ከመቃብሩ አጠገብ ይዘውኝ የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ቀሚሴ ላይ የእጃቸው ጭቃ ቀርቶ ነበር፣ እናቴ ያንን ቀሚስ ለብዙ ጊዜ ሳታጥበው አስቀመጠችው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ተናድጃለሁ፤ ትሕትናዬ የቀነሰ ከመሰለዎት ልክ ነዎት።

የገረመኝ ታዲያ መዝገቡን ማግኘታችሁ አይደለም። ወረቀት መገልበጥ ያህል ሥራ ሲቀራችሁ ማቆማችሁ ነው።

አሁን ደግሞ ለወዳጄ ስል ብቻ እንደማላደላ ታውቁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በእናቴ ሳጥን ውስጥ በዘመኑ ሹማምንት ማኅተም የመጣ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ አለ። የተጻፈበት ቀን ረቡዕ ነው፤ አባቴ የሞተው ሐሙስ ነው። ሰው ሳይሞት አንድ ቀን ቀድሞ የሚያዝን መሥሪያ ቤት! ይህን ሳገኝ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ገዳዮቹን ያዝኳቸው ብዬ ነበር። ሲነጋ ግን ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት፤ ያው ጸሐፊ የእናቴን ስም አሳስቷል፣ እኔንም «ወንድ ልጃቸው» ብሎኛል። ቀኑንም አሳስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ መልሼ ስለማንም አንድ ቃል ሳልተነፍስ ኖርኩ። ከእናንተ ሦስት ምስክሮች ይልቅ ይህ አንዱ ይከብዳል፤ እሱም ቢሆን የሰው ስም ድንጋይ ላይ ለማስቀረጽ አይበቃም።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ያለ ቀልድ ነው የምጽፈው። በስብሰባው ላይ ገዳዩ ያልታወቀ ሐውልት ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላል ብለዋል። «አልታወቀም» የሚለውን ቃል እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸክማው ኖራ ተሸክማው ሞተች። ማታ ማታ በር ላይ ወንበር አውጥታ የሚያልፈውን ሁሉ ታይ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ ግን ሰላምታ የነሣችው ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም የቱ እንደሆነ አታውቅም ነበርና። ከእሷም በኋላ ቃሉን እኔ ተረክቤዋለሁ። ይከብዳል፣ አልዋሽም፤ የሚያስነባኝ ቀን አለ። እናንተ ግን ሁለት ወር እንኳ መያዝ አቅቷችሁ በአቅራቢያችሁ ያገኛችሁት ሽማግሌ ትከሻ ላይ ጣላችሁት። የአባቴን ገዳይ ማወቅ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ለዚህም ነው ሌላ ሰው ተተክቶ እንዲሰጠኝ የማልፈልገው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። «በጎረቤታቸው በሾፌር መሐመድዘይን አቀናባሪነት» የሚለው ይውጣ። በቦታው «ገዳያቸው እስካሁን አልታወቀም» ይግባ። ከመጽሐፉም ገጽ 41 ይታረም፣ የእድሩ መዝገብም ከነጀርባው ይታተም። ከዚያም የኮሚቴው ሰው ሁሉ ባይመቸው እርስዎ ብቻዎን ጋሽ መሐመድዘይን ቤት ሄደው በሩን ያንኳኩ። በሩ የኔን ግቢ አልፎ ያለው አረንጓዴው ነው፤ ከጠፋብዎ ድንበር የጋራችን ስለሆነ እኔ እጠራቸዋለሁ።

የትጋታችሁ አድናቂ፣ የጥናታችሁ ደንበኛ፣ ገዳይ ተመርጦላት ምርጫውን በአክብሮት የመለሰች፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ደግሞ ረጅም ንባብ የምትመኝ፣

ፍሬሕይወት ኪሩ
አዳማ፣ 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የምረቃው የጥሪ ካርድ ደርሶኛል፤ ወረቀቱ ወፍራምና የሚያምር ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። በፊተኛው ረድፍ ለሟች ቤተሰብ ሁለት ወንበር ተይዟል ይላል። እኔ ወንድምም እህትም የለኝም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጋሽ መሐመድዘይን ናቸው፤ ከብዙ ልመና በኋላ እሺ ብለውኛል። ዐረፍተ ነገሩ እስከዚያ ሳይወጣ ከቀረ የሐውልቱን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው እባክዎ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ያንብበው። ጋሽ መሐመድዘይን ጆሯቸው ደከም ብሏል።