ዋስ ያጣው ሰርቲፊካ

አይ መልአኩ፣ ልጅህን ጸደንያን ፖሊስ አልያዛትም፣ የመኖሪያ ወረቀቷም አልተቃጠለም። ማን ጠየቀሽ ትለኝ ይሆናል። ዙሌይካ ጎረቤቴ ግን አንተ ያለህበት ድሬዳዋ ስንት ዘመድ እንዳላት ታውቃለህ፤ ወሬው ቀድሞኝ እንዳይደርስህ ብዬ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነህ ልጄ? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህን አበዛሽን ያ ሳል ለቀቃት? ሩፋኤልስ የሚነቃነቀው ጥርሱ ወለቀለት? እኔ፣ መኖር ከተባለ፣ አለሁ። የጅቡቲ ሙቀት አናት ይበሳል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፣ እግሬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ጫማ እምቢ ብሎኛል። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በአንድ እጄ እያራገብኩ ነው የምጽፍልህ፣ ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅህ ለሙሐመድኑር ዌብሳይት እየሠራችለት ነው። ሙሐመድኑርን አትረሳውም፣ የድሮ ጎረቤታችን ልጅ፣ ካንተ ጋር ኳስ ሲያባርር የሚውለው፤ አሁን ካርቲየ ሰባት ሰፈር ፍሪጅና ቬንቲላተር፣ ማራገቢያውን ማለቴ ነው፣ ይሸጣል። ገጹን ከወደደው የኢንተርኔት ሽያጩን አንቺ ትይዣለሽ ብሏታል። ካልወደደው ግን አንተ «ኮምፒውተር ላይ መጫወቷን ትታ ትምጣ» ብለህ እንደላክህባት፣ ሻንጣዋን ይዛ ወዳንተ ነው። እኔም ከቬንቲላተሩ ጋር ሳወራ ልኖር ነው።

ገጹን ገና ሰው አያየውም፤ እዚሁ ቤት፣ ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ ሰሞኑን በከፈተችው ቁጥር ቀይ ነገር ይመጣና በፈረንሳይኛ፣ ተጠንቀቅ፣ ሌባ ሊኖር ይችላል ይላል። አንድ ቀን ጭንቅላቷን ይዛ «እማማ፣ ሰርቲፊካው አልታመነም!» ብላ ጮኸች። እኛ ሰፈር ሰርቲፊካ ሲባል የመኖሪያ ወረቀት ነው፣ ወይ የልደት ነው፤ ሌላ ምን አለ? ወረቀቶቿን ከሳጥን አወጣሁ፣ ዙሌይካን ልብስ ከምታጥብበት ከነአረፋዋ አስነሳሁ፣ ሁለታችን ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ ሄደን ፀሐይ ላይ ተሰለፍን። «ልጅቷ የልጄ ልጅ ናት፣ ይቺ ደግሞ ምስክሬ ናት» አልኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ «ምን ጎደለው?» ብትለኝ ምን ልበላት? «ኮምፒውተሩ አላመነውም» አልኳታ! ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ዙሌይካም እስከ ዛሬ ሰው ባገኘች ቁጥር ታወራዋለች።

ጸደንያ ይኼን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኋላ አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ወረቀቱ የዌብሳይቱ ነው እንጂ የሷ አይደለም፤ ራሷ ጽፋ ራሷ ፈርማበታለች። «ራሱ ለራሱ የፈረመውን ማን ያምናል? እኔም አላምን!» ብላት፣ «ኮምፒውተሩም የሚለው ይኼንኑ ነው እማማ» አለችኝ። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ነገር እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሠራች፣ ይኼን እመን ብላ አስተዋወቀችው፣ ከዚያ ወረቀቱን ዋሱ ፈረመው። ቀዩ ግን ወይ ፍንክች! ለካስ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ገጹ የሚጠራበት ስም ለየቅል ነው። ቤተ ክርስቲያን ወለተ ሚካኤል የምባለው ሴትዮ፣ ሎሚ የሚል መታወቂያ ይዤ ብቀርብ ማን እሷ ናት ይለኛል? እንደዚያ በለው። ወረቀቱን በትክክለኛው ስም እንደገና አወጣች፣ ሁሉን ዘግታ ከፈተችው፣ ቀዩ ሄዶ ትንሽ ቁልፍ ብቅ አለች፣ ታመነ ማለት ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት መብራት ሄደ።

ደስታውም አልበረከተም። ትናንት ሙሐመድኑር ጎራ ብሎ «በራሴ ስልክ ልየው» አለ፤ ጸደንያ ስልኩን በቤቱ ዋይፋይ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችለት። ቀይ! የሱ ስልክ ዋሱን የት ያውቀዋል? ፊቱ ተለወጠ። «ሆዮ፣ ደንበኞቼ ይኼን ቢያዩ ሌባ ነህ አይሉኝም?» ብሎኝ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ከልጅነቱ ሆዮ፣ እናቴ፣ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ትናንት ግን ቃሉ አፉ ላይ ቀዘቀዘብኝ። ጸደንያ እስከ በር ተከትላው፣ ይኼ የቤት ወረቀት ነው፣ ገጹ ወደ ውጭ ሲወጣ ስልክ ሁሉ የሚያውቀው ትልቅ ዋስ ይፈርምበታል፣ እያለች ብታስረዳው፣ አስቤበት ነገ እመለሳለሁ አለና ሄደ። ዛሬ እህል አልቀመሰችም፤ በሩን በሩን ታያለች። ለራሷ ስልክ ዋሱን አስተዋውቃዋለች፣ እሱ ላይ ደህና ይከፈታል። ግን የፈራ ሰው በሷ ስልክ ባሳየችው ያምናል?

ደክሞኛል መልአኩ። ትምጣ አትምጣ የሚለው ክርክራችን ራሱ አደከመኝ። ልጅህ እየተጫወተች አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ደግሞ ለሷ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ከሄደች እግሬን ማን ያሽልኛል፣ ማንን እቆጣለሁ?

አበዛሽን ሳምልኝ፣ ሳሉን ችላ እንዳትለው። ሩፋኤልን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ከረሜላ ግን አትስጠው። አማትህን ወይዘሮ ጥበብን የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል በልልኝ፣ ደግሞም

በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ጸደንያ «እማማ፣ ነይ፣ እባክሽ ነይ!» ትለኛለች። አሁንም ስልኩ ላይ ቀይ ሆኖበት ይሆናል። ስልኩ ዋሷን ባያውቅ፣ አንተንና እሱን አንድ ሳፋ ውስጥ ያጠብኳችሁን እኔን ግን እሱ ያውቀኛል። ልሂድ፣ ዋስ ተጠርቻለሁ።

እናትህ ሎሚ
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2
ሐምሌ 2017